በጉሙ ውስጥ የተጠራው ስም

ሄርቦርግ ከአዲሱ ፊልም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጇ ስም እንዲጠራ። ሌላው ሁሉ፣ ውሻው፣ ሙዚቃው፣ የጀልባው ቀለም፣ «የልጅነታችንን ፊልም አትንኩብን» የሚለው ጩኸት፣ የእኛ የጎልማሶቹ ጠብ ነበር። እኔም በጠቡ ውስጥ ነበርኩ፤ በጋዜጣም በአፍም ተጣልቻለሁ። ንዴቴ አሁንም አልበረደም፤ የምናደድበት ሰው ግን ተቀይሯል።

ሄርቦርግ አማቴ ናት። ሴት ልጇ ድሪፋ የባሌ የኡልፋር ታላቅ እህት ነበረች። ድሪፋ በዘጠኝ ዓመቷ የአንድ ፊልም ዋና ተዋናይ ሆነች። በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ከወሽመጣችን ወደ ሌላው የአይስላንድ ክፍል በሚያሻግረው የተራራ መንገድ ላይ፣ መኪናዋ በበረዶ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ከፊልሙ በኋላ ምን እንደተማረች፣ ማንን እንደወደደች፣ በፋብሪካው ዓሣ ስትቆርጥ በማን ላይ ታሾፍ እንደነበር የሚያውቀው መንደራችን ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመቷን ድሪፋ ግን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ሹራቧ የሰፋት፣ መቅዘፊያው ከቁመቷ የሚበልጥ ልጅ።

ፊልሙ «የጉሙ ጀልባ» ይባላል። ታሪኩ ይህን ያህል ነው። አንዲት ልጅ የአያቷን ጀልባ ፈትታ ብቻዋን ወደ ባሕር ትወጣለች። ጉም ይወርዳል። የእኛን የምሥራቁን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ከወረደ የገዛ እጅህ አይታይህም፣ ያለህ መንገድ ድምፅ ብቻ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ዳርቻው ላይ ተሰልፎ፣ ድምፁን ተከትላ እንድትመለስ፣ ስሟን ይጠራል። እሷም ትመጣለች።

በድርሰቱ ላይ የልጅቷ ስም ሌላ ነበር። ዳይሬክተሩ ለተዋናዮች የሚከፍለው ስላልነበረው የመንደሩን ሰው ድንጋዩ ላይ አቁሞ «ስሟን ጥሩ!» አላቸው። ዓሣ አጥማጆቹና የፋብሪካው ሴቶች የድርሰቱን ስም መጥራት አቃታቸው። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይስቃል፤ ሌላው ሲጠራ የመጀመሪያው ያፍራል። ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ሊነጭ ሲደርስ ሄርቦርግ ከመካከላቸው ተቆጥታ ወጣች። «እኔ እንዲህ የምትባል ልጅ አልወለድኩም! እዚያ ውሃው ላይ ያለችው ድሪፋ ናት!» አለችና በሙሉ ደረቷ «ድሪፋ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ተከተላት፤ ማንም አልሳቀም። ካሜራው ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ በፊልሙ ሁሉ የልጅቷ ስም ድሪፋ ሆነ። ያን ፊልም ያየ ሰው በጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የሄርቦርግ ነው።

በእኛ ዘንድ የሙት ስም ባዶውን አይቀመጥም፤ ለሚወለድ ልጅ ይሰጣል። ሟቹ ራሱ በሕልም ወደ እርጉዝ ሴት መጥቶ፣ ደጃፏ ላይ ቆሞ ስሙን እንደሚጠይቅ የሚያምኑ ብዙ ናቸው። እኔ ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቴም ወንድ ወለድኩ፤ ድሪፋ ደግሞ የሴት ስም ነው። ሁለተኛው ሲወለድ ሄርቦርግ ሆስፒታል መጥታ ሕፃኑን አቀፈችው። «ጤነኛ ነው፤ ሌላ ምን ይፈለጋል» አለችና ረጅም ጊዜ በመስኮቱ ስትመለከት ቆየች። ስሙን ለልጅ የሚሰጥ ሌላ ዘመድ የላቸውም። ስሙ ማረፊያ አጣ።

ኡልፋር እህቱ ከሞተች ጀምሮ ስሟን በአፉ አያነሳም። «እሷ» ይላል። እናቱ ፊት ሌላ ሰው እንዲያነሳውም አይፈቅድም። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ እንኳ፣ ወደ ሄርቦርግ ቤት ስንሄድ በመኪና ውስጥ ያስጠነቅቃቸው ነበር። እሱ ይህን ለእናቱ ማዘን ይለዋል። እኔ ከሚጮህ ቤተሰብ ነው የተወለድኩት፤ እኛ ቤት ሙት ሲነሳ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይሳቃል። በዚህ ዝምታ የተነሳ ስንት ጊዜ እንደጮህኩበት እሱ ይናገር።

እንግዲህ ፊልሙ እንደገና ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ የመጣው እንዲህ ባለ ቤት ላይ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ታሪክ የሚኖረው ተደጋግሞ ሲተረክ ነው እላቸዋለሁ። ወሬው በተሰማ ማግስት ግን ቁጭ ብዬ ለጋዜጣ ጻፍኩ። አዲስ ነገር መፍጠር ያቃታቸው ሰዎች የሌላውን ልጅነት ቀለም ቀብተው ይሸጣሉ አልኩ። ግማሹን ዛሬም አምንበታለሁ።

የፊልሙ ወዳጆች ማኅበር አለ። በየበጋው ወደ መንደራችን ይመጣሉ፤ ዳርቻው ላይ ፎቶ ይነሳሉ፣ በአዳራሹ ፊልሙን ያያሉ፣ ከዚያ መዋኛው ጋ ያለው ሙቅ ገንዳ ውስጥ ተነክረው ያወራሉ። በዚያ ዓመት ገንዳው ፓርላማ ሆኖ ሰነበተ።

«ውሻ ጨምረዋል» አለ ሊቀመንበሩ ኬቲል፣ ውሃው አገጩ ድረስ ደርሶ። ኬቲል ከሰሜን የሚመጣ የጥርስ ሐኪም ነው። «ጀልባው ላይ አብሯት የሚሳፈር ውሻ።»

«ብቻ የሚናገር እንዳይሆን» አለች አንዲት ሴት።

«እስካሁን አልተናገረም።»

«ቆይ፣ ሁለተኛውን ክፍል ሲሠሩ አፍ ያወጣል።»

ሁሉም ሳቁ፤ ኬቲል ግን አልሳቀም። «ብቸኝነቷ ነው እኮ ፊልሙ! ውሻ ካለ ብቻዋን ነች እንዴ? ከውሻ ጋር ሽርሽር ወጣች ማለት ነው!»

«ልጆቼ አሮጌውን አያዩልኝም» አለች ሴትየዋ። «ዝም ብላ ስትቀዝፍ ‹እማ፣ ተበላሸ እንዴ? ቆሟል እኮ› ይሉኛል። አዲሱን ቢያዩ ምን አለበት?»

«ልጆችሽን በደንብ አሳድጊያቸው።»

«አንተ መጀመሪያ ውለድና ታስተምረኛለህ።»

እኔ በበኩሌ ውሃው ውስጥ ሆኜ ደሜ ፈላ። «ኬቲል» አልኩት፣ «ድሪፋን በሕይወት ሳለች አግኝተሃት ታውቃለህ?»

«ከማንም በላይ አውቃታለሁ።»

«ሰላጣ ላይ ስኳር እንደምትነሰንስ ታውቃለህ? ባሕር ላይ እንደሚያስመልሳት ታውቃለህ?»

«ይሄ ከፊልሙ ጋር ምን አገናኘው?»

ፍቅራቸው እውነት ነበር፤ ይህን አልክድም። በዚያ ጀልባ ስም የሚያለቅሱ ጎልማሶች አይቻለሁ። ነገር ግን የሚወዱት ራሳቸውን ነበር፤ ያን ፊልም ሲያዩ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እግራቸው መሬት የማይነካ የነበሩትን ራሳቸውን። ያች ልጅ አድጋ፣ ሥራ ይዛ፣ ሞታ፣ እናቷ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ቀይ ቤት እንደምትኖር ሲነገራቸው ቅር ይላቸዋል። ቢሆንም እኔና እነሱ አንድ ወገን ነበርን። እንዲህ የሚያሳፍር ወገን ይዤ አላውቅም።

አዲሱን ፊልም የምትሠራው ብሪንያ የምትባል ከሬይክያቪክ የመጣች ሴት ነበረች። ነጋዴ ትመጣለች ብዬ ነገር አዘጋጅቼ ጠበቅኋት፤ የመጣችው የሄርቦርግን ደጃፍ ማንኳኳት ፈርታ አጥሩ ጋ የምትንጎራደድ ሴት ናት። እሷም በዚያ ፊልም ያደገች ነች። ሄርቦርግ ስስ ፓንኬክ ጋግራ፣ ስኳር ነስንሳና ጠቅልላ አቀረበች። አራታችን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን።

«የመጣሁት ፈቃድ ለመጠየቅ ነው» አለች ብሪንያ። «ሕጉ አያስገድደኝም። ግን እናንተ እምቢ ካላችሁ አልሠራውም።»

ኡልፋር እጆቹን አጣምሮ ነበር። እጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ የራሱ የዓሣ ጀልባ አለችው፣ ሞተሯን ሲፈታ ሲገጥም ነው የሚውለው። «ሥሪው» አለ። «ማን ይከለክልሻል። ስሟን ግን አትነኪም።»

ብሪንያ ክው አለች። «የልጅቷን ስም?»

«የእህቴን ስም። ለልጅቷ ሌላ ስም አውጡላት።»

«ኡልፋር፣ ፊልሙ ማለት እኮ ያ ጥሪ ነው። ስሙን ካወጣሁት ምን ይቀረኛል?»

«ውሻው ይቀርሻል።»

«ኡልፋር!» አልኩ እኔ።

«ምን ኡልፋር ኡልፋር ትያለሽ? እናቴ ያን ስም ከማታውቃቸው ሰዎች አፍ፣ በየሲኒማ ቤቱ፣ በየማስታወቂያው መስማት የለባትም። አንድ ጊዜ ቀብራታለች። ይበቃታል።»

ብሪንያ ወደ ሄርቦርግ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሄርቦርግ ልጇን አየችው። የኡልፋር ጉንጭ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ የፓንኬኩን ሳህን ወደ ብሪንያ ገፋ አድርጋ፣ «ኡልፋር እንዳለው ይሁን። ብዪ እንጂ፣ የኔ ልጅ፣ ምንም አልነካሽም» አለች።

ብሪንያ ቃል ገባች። ፊርማም ፈረመች።

እነሱ ሲወጡ እኔ ዕቃ ላጥብ ቀረሁ። ሄርቦርግ አጠገቤ ቆማ ሳህን ታደርቃለች። አንዱኑ ሳህን ደጋግማ ስታደርቅ አይቼ፣ «ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ምንም።»

«ሄርቦርግ፣ እኔ ልጅሽ አይደለሁም፤ ለእኔ መዋሸት የለብሽም።»

ሳህኑን አስቀመጠች። «ሲጠሯት መስማት እፈልግ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ብዙ ሰው ሆኖ። እንደዚያን ጊዜ።»

«አሮጌው ፊልም አለ አይደል?»

«አየዋለሁ፤ ለምን አላየውም። እዚያ ላይ ግን የሚጠሯት ሰዎች ሞተዋል፣ አስኒ። ጎረቤታችን ኤይናር ሞቷል፣ የሱቁ ባለቤት ሞቷል፣ ባሌ ሞቷል። የሙታን ድምፅ ሙትን ሲጠራ ነው የምሰማው። በሕይወት ያለ ሰው አፉን ከፍቶ ቢጠራት ብዬ ነበር። ልጆች ቢሰሙት፣ አንዷ እናት ስሙን ወድዳው ለልጇ ብታወጣው...» ማድረቂያ ጨርቁን አጠፈች። «ትመለሳለች ብዬ አይደለም። አላበድኩም።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«አላየሽውም እንዴ ሲናገር? እሱ ነው የማይችለው። እኔ እችላለሁ።»

በዚያው ቀን ለኡልፋር ነገርኩት። አትንገሪው ብላኛለች፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ምስጢር ሆዴ ውስጥ አይቀመጥም። ጀልባው ላይ ሞተሩን ሲያጸዳ አግኝቼ ቃል በቃል ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እማ እንዲህ አትልም።»

«ብላለች!»

«አንቺ ክርክር ካላሸነፍሽ አይሆንልሽም። አሁን ደግሞ በእናቴ አፍ ትናገሪያለሽ።»

«ሂድና ጠይቃት እሺ?»

ሄደ። አብሬው ሄድኩ። ሄርቦርግ ድንች ትልጥ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «እማ፣ አስኒ የምትለው እውነት ነው? የእሷን ስም ፊልሙ ላይ መስማት ትፈልጊያለሽ?» አላት።

ጥያቄውን ሲጠይቅ ድምፁ ተሰበረ። ያ ድምፅ ባይሰበር ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ በሆነ ነበር። ሄርቦርግ እኔን አላየችኝም፤ እሱን ብቻ ነው ያየችው።

«አይ» አለች። «አስኒ በደንብ አልገባትም መሰለኝ።»

ኡልፋር ዞሮ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። አስተያየቱ ከስድብ ይብሳል። እዚያው ደጃፍ ላይ፣ እናትና ልጅ አንዱ ሌላውን ከሐዘን ልጠብቅ ሲል ሁለቱም ሲጠፉ ቆሜ አየሁ። ውሸታሟ እኔ ሆንኩ። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሁለቱም ጋር አልተነጋገርኩም። እርግጥ ማንም አላስተዋለውም፤ ለእነሱ ዝምታ የዘወትር ነገር ነው።

በአዲሱ ፊልም ልጅቷ ቢርታ ተባለች። ማኅበርተኞቹ ይህን ሲሰሙ እንደ ድል ቆጠሩት። ኬቲል ለኡልፋር ደውሎ፣ «ቢያንስ ስሙን አዳንነው!» አለው። አዳንነው! ከማን ነው ያዳናችሁት? ስልኩን ቀምቼ ይህንኑ ጠየቅሁት፤ የመለሰልኝን ግን አላስታውስም፤ እየጮህኩ ነበር።

ፊልሙ በቀጣዩ በጋ እዚሁ ተቀረጸ። ብሪንያ እንደ ቀድሞው የመንደሩን ሰው ዳርቻው ላይ አሰለፈች። እኔ አልሄድኩም። ሄርቦርግም ጉንፋን ይዞኛል ብላ ቤቷ ዋለች፤ መስኮቷ ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

በዓመቱ ፊልሙ ሲያልቅ ብሪንያ ከሬይክያቪክ በፊት በመንደራችን አዳራሽ እንዲታይ አደረገች። ሰው ሁሉ መጣ። ማኅበርተኞቹ በአሮጌው ፊልም ሹራብ ዓይነት ሹራብ አሠርተው፣ ለቀብር እንደመጣ ሰው ተኮሳትረው ከኋላ ተደረደሩ። ሕፃናቱ ከፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሄርቦርግ በእኔና በኡልፋር መካከል ተቀመጠች፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ።

መጥፎ እንዲሆን ጸልዬ ነበር። መጥፎ አልነበረም። ይህን መጻፍ ያመኛል፤ ግን እውነቱን ካልጻፍኩ ምን ልሠራ ብዕር አነሳሁ? ያች አዲሷ ልጅ እንደ ድሪፋ ጥርሷ የወለቀ አይደለም፣ እንደ ድሪፋም አታኮርፍም፤ ግን ስትፈራ ፍርሃቷን እንዴት አድርጋ እንደምትደብቅ ሳይ ጸሎቴን ረሳሁት። ጉሙ የእኛው ጉም ነበር። ውሻው እንኳ ዝም ብሎ ተኝቶ አላስቸገረም። ከፊት ሕፃናቱ ትንፋሻቸውን ውጠዋል፤ «ተበላሸ እንዴ?» ያለ የለም።

ከዚያ ዳርቻው መጣ። ሰዎቹ በጉሙ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያሉ። ሄርቦርግ ወንበሯ ላይ ወደ ፊት ሳብ አለች፤ አንድ እጇን ጆሮዋ ሥር አደረገች። ስሙ እንደተቀየረ ታውቃለች፤ ማስታወቂያው ላይ አይታዋለች፣ በራዲዮ ሰምታዋለች። እንዲያም ሆኖ አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው...

«ቢርታ!» አለ የመጀመሪያው ድምፅ።

«ቢርታ! ቢርታ!»

መንደሩ ሁሉ ጠራ፤ የማውቃቸው ጎረቤቶቼ፣ የፋብሪካው ሴቶች፣ የተማሪዎቼ አባቶች። ሕፃናቱ ማልቀስ ጀመሩ። ከኋላ ኬቲል ሲነፋረቅ ይሰማኛል። ልጅቷ ከጉሙ ወጣች፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሄርቦርግ አላጨበጨበችም። ጭብጨባው ጋብ ሲል ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ከዚህ በኋላ አይጠሩም?» አለችው።

«ማንን?»

«እሷን።»

ኡልፋር እናቱን አያት። ያኔ ገባው። ወጥ ቤት ውስጥ ያልገባው፣ እኔ ጮኼ ያልገባው፣ በዚያ ጨለማ ገባው። ከወንበሩ ብድግ አለ። ከኋላው ያሉት «ተቀመጥ እንጂ!» አሉት። አፉን ከፈተ፤ ሊጠራት እንደሆነ አወቅሁ። ያ ስም ግን በአፉ ውስጥ ብዙ ዓመት ተዘግቶበት ነበር። አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገታተሩ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ሄርቦርግ ኮቱን ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ታች ሳበችው።

«ተወው የኔ ልጅ» አለችው። «ተቀመጥ። ሰዎቹን አትከልላቸው።»

ሲያልቅ ኬቲል ቀይ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ደጃፉ ላይ አገኘኝ። «ውድቀት ነው» አለኝ። «ፈጽሞ ውድቀት።»

«ለምን ታለቅሳለህ ታዲያ?»

«ስለወደቀ!»

ትቼው አለፍኩ። ኡልፋር ብሪንያን ከአዳራሹ ጎን፣ መኪኖቹ መካከል ይዟት ነበር። ይዟት ስል ልብሷን ጨብጦ ማለቴ ነው፤ እሷ ግን አልፈራችም።

«መልሺው» ይላታል። «ስሙን መልሺው። እኔ ፈቅጃለሁ። ጉም ነው፣ የማንም አፍ አይታይም፤ ድምፁን ብቻ ትቀይሪዋለሽ።»

«ኡልፋር፣ አልቋል። በየአገሩ ተልኳል። ከፊልሙ የተሠራው የልጆች መጽሐፍም ታትሟል፤ ልጅቷ ቢርታ ናት።»

«እንደገና እንጠራለን። መንደሩን እኔ እሰበስባለሁ።»

ብሪንያ ፊቷን ዞር አደረገች። መናገር አልፈለገችም፤ ግን ተናገረች። «የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ተሳስተው ነበር» አለች። ««ስሟን ጥሩ» ስላቸው ሰዎቹ ሳያስቡት ድሪፋ ብለው ጮኹ። ሁሉም። አንድም ሰው ቢርታ አላለም። ልጅ ሆነው ሲጠሩት ያደጉት ስም ነው። አስቆምኳቸው። ከዚያ እንደገና ቀረጽን።»

«የታለ? የመጀመሪያው የታለ?»

«ላንተ ቃል ገብቼ ነበር እኮ» አለች ብሪንያ። «እንደምንም አምልጦ ወጥቶ እናትህ እንዳትሰማው ብዬ፣ በዚያው ቀን በእጄ አጠፋሁት።»

ኡልፋር ልብሷን ለቀቀ። እኔ እዚያ ቆሜ የምሰድበው ሰው ፈለግሁ። ቃሏን ያከበረች ሴት አትሰደብም። ለእናቱ ያዘነ ልጅም አይሰደብ፤ ለልጇ ያዘነች እናትም። በሕይወቴ አፌ ሲታሰር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሄርቦርግ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። በቀረጻው ቀን መስኮቷን ክፍቱን ትታው እንደነበር ሁለታችንም አስታወስን፤ የመጀመሪያውን ጥሪ ሰምታው ይሆን? ማንም ሊጠይቃት አልደፈረም። እኔም ጭምር።

በማግሥቱ ኡልፋርና እኔ ለእናቱ ዓሣ ልናደርስ ወረድን። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ጉም የሚባል የለም። ከቤቷ ፊት ለፊት ባለው ዳርቻ የመንደሩ ሕፃናት ተሰብስበዋል። ከፋብሪካው አንድ ትልቅ የፕላስቲክ የዓሣ ሳጥን ጎትተው ሣሩ ላይ አስቀምጠዋል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ውስጡ ተቀምጣ ዓይኖቿን ጨፍና በመጥረጊያ እንጨት ትቀዝፋለች። ሌሎቹ ድንጋዩ ላይ ተሰልፈው ይጠሯታል።

«ቢርታ! ቢርታ!»

ሄርቦርግ አጥሯ ጋ ቆማ ታያቸው ነበር። እኛ ከመኪናው ስንወርድ አላየችንም።

«አልሰማሁም!» አለች ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ሰው አነሰ! ብዙ ሰው ነው የሚያስፈልገው!»

ከልጆቹ አንዱ ወዲያ ወዲህ ሲያይ ሄርቦርግን አገኘ። «ሄርቦርግ! ነይ አንቺም ጥሪ! ሰው አንሶናል!»

ኡልፋር የዓሣውን ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጠ። ሄርቦርግ የአጥሩን በር ከፍታ ወጣች። በዚያ ባልተስተካከለ ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ሄዳ ከሕፃናቱ መካከል ቆመች፤ አንዷ ልጅ እንዳትወድቅ ብላ ቀሚሷን ያዘችላት።

«ምን ብዬ ልጥራ?» አለቻቸው።

«ቢርታ ነዋ!» አሉ ሁሉም ባንድ ላይ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል ድምፅ።

ሄርቦርግ ሁለት እጆቿን አፏ ዙሪያ አደረገች። ደረቷን ሞላች። ወንድሞቿንና ባሏን ከባሕር የጠራችበት ድምፅ ከዚያ ካረጀ ሰውነት እንዲህ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

«ቢርታ!» ብላ ጠራች።

ትንሿ ልጅ ጭንቅላቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች፤ የመጥረጊያውን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ፣ ሣሩ ላይ ወደ ሄርቦርግ መቅዘፍ ጀመረች።